ዝምተኛው ሕመም፤ ስለ ጉበት በሽታና ስለ ዛሬው ሕክምና የቀረበ ትምህርት



በዚህ እትም ከመርካቶ ሥራችን ጋር በቅርብ የተያያዘ አንድ ትምህርት ልናቀርብላችሁ ወደድን። ትምህርቱን በቤተ ሰብም ሆነ በጸሎት ቡድን ተሰብስባችሁ ብታጠኑት ይጠቅማችኋል ብለን እናምናለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከእህል በረንዳ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ወጣት እኅታችን ከእናቷና ከሁለት ታናናሾቿ ጋር ትኖራለች። እናቷ በርበሬ እየቀነጠሰችና ሽሮ እያዘጋጀች በመሸጥ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ልጂቱ ቤተ ሰቧን ለመርዳት ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ አስባ ለጉዞው የሚጠየቀውን የጤና ምርመራ አደረገች። ውጤቱን የሰጣት ሰው «ጉበት አለብሽ» ብሎ ወረቀቷን መለሰላት፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረም። ጉዞው ተሰረዘ። ወሬው በግቢው ተሰማ። ጎረቤቶች ልጆቻቸውን ከእርስዋ አራቁ፤ በቤቷም ጽዋዋ ተለየ፣ እንጀራዋም ለብቻዋ በሣህን ይቀርብላት ጀመር። ወደ እኛ በመጣች ጊዜ የጠየቀችን ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «የምሞተው መቼ ነው?» አለችን።

እኛም ወዲያው ልንመልስላት ስላልቻልን ወደ ሐኪሞች ይዘናት ሄድን፤ ጠየቅን፤ ተማርን። የተማርነውንም እነሆ ለእናንተ እናካፍላለን።

1. ጉበት ምንድን ነው?

አማርኛችን ርኅራኄን ለአንጀት፣ ምስጢርን ለሆድ ይሰጣል፤ ስለ ጉበት ግን ብዙም አይናገርም። አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሥጋ ቤት ወይም ከዱለት ነው። ነገር ግን በሰውነታችን ውስጥ እንደ ጉበት ብዙ ሥራ የሚሠራ ክፍል ጥቂት ነው። በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር ይገኛል፤ በአዋቂ ሰው ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ከምግብ የተገኘውን ኃይል ያከማቻል፤ ስብን ለመፍጨት የሚረዳውን ሐሞት ያመነጫል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ነገሮች ይሠራል፤ መድኃኒትንና መርዝን ያጣራል።

ፈጣሪ ለጉበት ድንቅ ችሎታ ሰጥቶታል። ጤናማ ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ የቀረው መልሶ ያድጋል። ደግሞም ዝምተኛ ነው። ብዙ ዓመት ሲጎዳ ሕመም ላይሰማ ይችላል። ጉዳቱ እየበዛ ሲሄድ በጤናማው ሥጋ ፈንታ ጠባሳ ይተካል፤ ጉበቱም ይጠነክራል። ሐኪሞች ይህን ሲሮሲስ ይሉታል። ዓይን ሲቢጫ፣ ሆድ ውሃ ሲቋጥር፣ እግር ሲያብጥ፣ ደም ሲያስታውክ በሽታው ሩቅ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው። የጉበት ካንሰርም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው እንዲህ ከተጎዳ ጉበት ላይ ነው።

2. «የወፍ በሽታ» የምንለው

ዓይኑ ቢጫ የሆነውን ሰው «የወፍ በሽታ ይዞታል» እንላለን። ብዙዎች በሽታው የሌሊት ወፍ በላዩ ስላለፈች ወይም ስለ ሸናችበት የመጣ ነው ብለው ያምናሉ፤ ስለዚህም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ ይሄዳሉ። እውነቱ ግን የዓይን መቢጨት ራሱ በሽታ ሳይሆን የበሽታ ምልክት ነው። ጉበት ሊያስወግደው የሚገባው ቢጫ ነገር በደም ውስጥ ሲከማች ይታያል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከሁሉ የበዛው ግን ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶች ናቸው።

ቫይረሶቹ በፊደል ይጠራሉ። «ኤ» እና «ኢ» የተባሉት በተበከለ ውሃና ምግብ ይተላለፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይድናሉ። ሆኖም «ኢ» በእርጉዝ ሴት ላይ በተለይ በመጨረሻዎቹ ወራት እጅግ አደገኛ ነው። በ2014 በጋምቤላ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ሠፈሮች ይህ በሽታ በወረርሽኝ መልክ መነሣቱ ይታወሳል። ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ቤት ለማዘጋጀት የምትሰጡት ገንዘብ ጉበትንም እንደሚጠብቅ ከዚህ ተረዱ።

«ቢ» እና «ሲ» የተባሉት ግን በደም ይተላለፋሉ፤ በሰውነት ውስጥም ለብዙ ዓመት ተደብቀው ይኖራሉ። ሲሮሲስንና ካንሰርን የሚያመጡት በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በአገራችን ሐኪሞች ይህን ማጥናት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ በአዲስ አበባ በማስተማርና በማከም ላይ ሳሉ በኢትዮጵያውያን ላይ የሚደርሰውን የጉበት ብግነት፣ ሲሮሲስና የጉበት ካንሰር መንሥኤ ለብዙ ዓመታት መርምረው ጽፈዋል።

3. ስለ «ቢ» ቫይረስ ምን ታወቀ?

ባሩክ ብላምበርግ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ ዓመታት ከአንድ የአውስትራሊያ ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ነገር አገኘ። በኋላም ይህ የ«ቢ» ቫይረስ ሽፋን መሆኑ ታወቀ። ብላምበርግ ስለዚህ ሥራው በ1976 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የመጀመሪያው ክትባት በ1981 በአሜሪካ ተፈቀደ። የታይዋን ደሴት በ1984 ለሕፃናት ክትባቱን በአገር ደረጃ መስጠት ጀመረች። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመረመር በልጆች ላይ የሚደርሰው የጉበት ካንሰር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ስለዚህ ይህ ክትባት ካንሰርን የከለከለ የመጀመሪያው ክትባት ተብሎ ይጠራል።

በአገራችን ከዐዋቂዎች መካከል ከመቶው ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ይህን ቫይረስ ተሸክመው እንደሚኖሩ ጥናቶች ያመለክታሉ። ብዙዎቹ አያውቁትም። የሚያውቁትም እንደ እኅታችን ለጉዞ ሲመረመሩ፣ ደም ሲለግሱ ወይም ሴቶች ሲያረግዙ ነው።

ቫይረሱ የሚተላለፈው እንዴት ነው? ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ባልተቀቀለ መርፌ፣ በጋራ ምላጭ፣ እንጥል በማስቆረጥ፣ በንቅሳት ነው። በመርካቶ የጎዳና ፀጉር ቆራጭ ምላጩን ሳይቀይር ቢሠራ፣ በምን አለሽ ተራ አካባቢ ውዳቂ የሚለቅም ልጅ በተጣለ መርፌ ቢወጋ አደጋ አለው። ሕፃን ሆኖ በወሊድ ጊዜ የተያዘ ሰው ከዐሥር ዘጠኝ ጊዜ ቫይረሱ በውስጡ ይቀራል። በጉልምስና የተያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ አሸንፎ ያስወግደዋል። ስለዚህ ትልቁ ውጊያ በሕፃኑ መኝታ አጠገብ ነው።

ኢትዮጵያ የ«ቢ» ክትባትን ከሌሎች አራት ክትባቶች ጋር አጣምራ በ2007 ለሕፃናት መስጠት ጀመረች፤ የሚሰጠውም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከዚህ በተጨማሪ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል። እርጉዝ የሆናችሁ እኅቶች፣ በምርመራ ጊዜ ስለዚህ ነገር ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

እንዲሁም ስለማይተላለፍበት መንገድ በግልጽ እንናገር። አብሮ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በአንድ ጽዋ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በሳል አይተላለፍም። ስለዚህ የእኅታችንን እንጀራ ከመሶቡ መለየት አንድን ሰው እንኳ ከበሽታ አላዳነም፤ እርስዋን ግን አቁስሏል። ምላጭ፣ የጥርስ ብሩሽና የጥፍር መቁረጫ ግን ለየብቻ ይሁን።

4. ስለ ሕክምናው የተገኘው አዲስ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአገራችን «ቢ» ያለበት ሰው ቢመረመርም የሚሰጠው መድኃኒት እምብዛም አልነበረም። በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች በአንድነት የሕክምና መርሐ ግብር ጀመሩ። ከ1300 በላይ ሕሙማን ተመዝግበው ክትትል ተደረገላቸው። መድኃኒቱ ቴኖፎቪር ይባላል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ለኤች አይ ቪ ሕሙማንም ሲሰጥ የኖረ ስለሆነ ዋጋው ረክሷል።

ከዚያ ሥራ ሁለት ትምህርት ተገኘ። የመጀመሪያው፣ ቫይረሱ ያለበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ በዚያን ጊዜ በነበረው መመዘኛ መድኃኒቱን የጀመሩት አንድ አራተኛ ያህሉ ነበሩ፤ የቀሩት በየጊዜው እየተመረመሩ ይጠባበቁ ነበር። ሁለተኛው፣ ሞት በብዛት ያገኛቸው ሆዳቸው ውሃ ከቋጠረ በኋላ ዘግይተው የመጡትን ነው። ይኸውም መድኃኒቱ ቢኖርም ጊዜው ካለፈ ብዙ እንደማይረዳ ያሳያል።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2024 መመሪያውን አሻሽሎ መድኃኒቱ ከቀድሞው ይልቅ ለብዙ ሰዎች እንዲሰጥ፣ ምርመራውም እንዲቀል መክሯል። ቴኖፎቪር ቫይረሱን ጨርሶ አያጠፋም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ሲተኛ ግን ጉበት ያርፋል፤ ጠባሳውም በብዙዎች ይቀንሳል፤ የካንሰርም ስጋት ይቀላል። ስለዚህ «ደኅና ሆኛለሁ» ብሎ ያለ ሐኪም ምክር ማቆም አደገኛ ነው፤ ቫይረሱ በድንገት ሊነሣ ይችላልና።

በ«ሲ» ቫይረስ ላይ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ቫይረሱ የታወቀው በ1989 ነው፤ ለዚህ ሥራ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሃውተንና ቻርልስ ራይስ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ቀድሞ ሕክምናው እስከ አንድ ዓመት የሚወስድ፣ እጅግ የሚያሠቃይና ብዙ ጊዜ የማይሳካ መርፌ ነበር። ከ2013 ወዲህ ግን ሶፎስቡቪርና መሰሎቹ የተባሉ ክኒኖች ተገኙ። ሦስት ወር ያህል ከተዋጡ ከመቶው ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑት ፈጽመው ይድናሉ።

5. ስለ ጉበት ካንሰር

በ2022 በዓለም ላይ 866 ሺህ ያህል ሰዎች በጉበት ካንሰር እንደ ተያዙ፣ 758 ሺህ ያህልም እንደ ሞቱ ተገምቷል። የሞቱት ቁጥር ከታመሙት ጋር ይህን ያህል መቀራረቡ በሽታው ዘግይቶ እንደሚታወቅ ይመሰክራል።

ሲሮሲስ ያለበት ሰው በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ቢመረመር ካንሰሩ ገና ትንሽ ሳለ ሊገኝ ይችላል። ምርመራው አያምም፤ መርፌም የለውም። ትንሽ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይወጣል ወይም በመርፌ በኩል በሚገባ ሙቀት ይቃጠላል። የጉበት ንቅለ ተከላም በሌሎች አገሮች ብዙዎችን አድኗል። ቶማስ ስታርዝል በ1963 በአሜሪካ ሲጀምረው የመጀመሪያው ሕመምተኛ አልዳነም፤ በ1967 ግን ተሳካለት። ካንሰሩ ሲስፋፋ የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። ሶራፌኒብ በ2007 ሲፈቀድ ዕድሜን የጨመረው በጥቂት ወራት ነበር። በ2020 ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ከሌላ ጋር ተጣምሮ ሲሰጥ ከሶራፌኒብ የበለጠ ዕድሜ እንደሚሰጥ ታወቀ። ነገር ግን እነዚህ እጅግ ውድ ናቸው። በመርካቶ ለሚኖር ተሸካሚ ከነዚህ ሁሉ ይልቅ የቀረበው መድኃኒት የሕፃን ክትባት፣ የደም ምርመራና በቀን አንድ ክኒን ነው።

6. በእህል በረንዳ የተደበቀ መርዝ

በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮዎች በአንድ ወቅት አለቁ። ምክንያቱ ሲፈለግ የሻገተ የለውዝ መኖ ሆኖ ተገኘ። በሻጋታው ውስጥ ያለው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ በለውዝ፣ በበቆሎ፣ በበርበሬና በሌላም እህል ላይ እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ይፈጠራል። በምድጃ ሙቀት በቀላሉ አይጠፋም። በ1996 የወጣ የአገራችን ተመራማሪዎች ጥናት በአዲስ አበባ ከተሰበሰበ ሽሮና በርበሬ በከፊሉ ውስጥ ይህን መርዝ አግኝቷል። በኋላም ላሞች በሚመገቡት መኖ፣ በተለይም በኑግ ፋጉሎ በኩል ወደ ወተት እንደሚገባ ታውቋል።

አፍላቶክሲን ብቻውን የጉበት ካንሰርን ያመጣል። «ቢ» ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ ሲጨመር ግን አደጋው እጅግ ይባዛል፤ ይህን በቻይና የተደረጉ ጥናቶች አረጋግጠዋል። ስለዚህ በርበሬ ሲታጠብ ፈጥኖ በደንብ ይድረቅ፤ እህልም ከመሬት ከፍ ብሎ አየር በሚያገኝበት ቦታ ይቀመጥ። የሻገተው ተለቅሞ ይጣል። «ሲፈጭ አይታወቅም» ብሎ የሻገተውን ከደኅናው መቀላቀል ባልንጀራን መጉዳት ነው። ነጋዴዎች የሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ይህ የሚዛን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው።

በትግራይ የሆነውም ያስተምረናል። ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በአንዳንድ መንደሮች ሰዎች ሆዳቸው እያበጠ ይሞቱ ነበር። ብዙ ምርመራ ከተደረገ በኋላ ከእህሉ ጋር የሚታጨድ አንድ አረም ጉበትን የሚመርዝ ነገር እንዳለውና ከበሽታው ጋር እንደ ተያያዘ ተገለጠ። እህልን አበጥሮ መልቀም እናቶቻችን ያስተማሩን ጥበብ ነው፤ አንተወው።

7. ጫት፣ መጠጥና የባህል መድኃኒት

በሐረርጌ የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ለብዙ ዓመት ጫት በሚቅሙ ሰዎች ዘንድ የከረመ የጉበት በሽታ ይበልጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። አረቄና ሌላው የአልኮል መጠጥም ጉበትን እንደሚጎዳ ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። በዛሬው ጊዜ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ በጉበት ላይ ስብ እያከማቹ ከተሞቻችንን ማስጨነቅ ጀምረዋል። ለዚህም ከ2024 ወዲህ በአሜሪካ መድኃኒቶች ተፈቅደዋል፤ ዋናው ሕክምና ግን እስከ ዛሬ ድረስ ምግብን መመጠንና መንቀሳቀስ ነው።

ስለ ባህል መድኃኒት ስንናገር አባቶቻችንን ለመናቅ አይደለም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ዳር እንዶድ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ማስተዋላቸው ለዓለም ሁሉ ትምህርት ሆኗል፤ እነዚያ ቀንድ አውጣዎች የሚያስተላልፉት ብልሃርዝያ ራሱ ጉበትን ይጎዳልና። ይሁን እንጂ ለልብስና ለወንዝ የሚጠቅመው እንዶድ ለሆድ መርዝ ነው። ለወፍ በሽታ ብሎ ሥሩን ወቅጦ መጠጣት የታመመውን ጉበት በሌላ መርዝ መምታት ነው።

8. እኛስ ምን እናድርግ?

ወደ እኅታችን ታሪክ እንመለስ። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ ጉበቷ ገና እንዳልተጎዳ፣ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልጋት፣ በየስድስት ወሩ ግን እየመጣች እንድትታይ ነገራት። ከዚያም «እናትሽንና ታናናሾችሽን አምጪ» አላት። እናቲቱ ስትመረመር ቫይረሱ በእርስዋም ተገኘ፤ ጉበቷም መጠንከር ጀምሮ ነበር። አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ክኒኑን ጀመረች። ታናናሾቹ ነጻ ሆነው ስለ ተገኙ ክትባት ተሰጣቸው። እንግዲህ ያች በር የተዘጋባት ልጅ ለእናቷ የሕይወት በር ሆነች። ይህን ያወቀችው እናት ጽዋውን ስለ መለየቷ አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ በዚያ ቀን ከአንድ መሶብ በሉ።

ጌታችን ለምጻሙን ሳይጸየፍ በእጁ እንደ ዳሰሰው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 እናነባለን። ሊፈውሰው በቃል ብቻ ይችል ነበር፤ እርሱ ግን ዳሰሰው። ሰው ሁሉ የሸሸውን መዳሰስም የፈውሱ ክፍል ነበርና። በሉቃስ ምዕራፍ 10 የተነገረለት ሳምራዊም ቁስሉን አሰረ፣ ወደ ማደሪያ አደረሰ፣ ወጪውንም ከፈለ፤ የሚመለስበትንም አሰበ። የጉበት ሕመምተኛ የሚያስፈልገው እንደዚህ ያለ ወዳጅ ነው፤ አንድ ቀን የሚያዝን ሳይሆን በየስድስት ወሩ «ቀጠሮህ ደርሷል» የሚል ወዳጅ።

ስለዚህ፤

ሀ. ተመርመሩ። በቤታችሁ አንድ ሰው ቫይረሱ ቢገኝበት ሁላችሁም ተመርመሩ፤ ያልተያዛችሁም በስድስት ወር ውስጥ የሚጠናቀቀውን ሦስት ጊዜ የሚሰጥ ክትባት ተከተቡ።

ለ. እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱና ሕፃናት ክትባታቸውን እንዲፈጽሙ እርዱ።

ሐ. የታመመውን አታግልሉ። በጉባኤያችሁ ውስጥ ስለ እርሱ የሚወራውን ሐሜት በእውቀት ዝም አሰኙ።

መ. ለምርመራ፣ ለመጓጓዣና ለአልትራሳውንድ መክፈል የማይችሉትን አስቡ። የእናንተ ስጦታ የምትታየው እንደዚህ ባለ ትንሽ ወረቀት ላይ ነው።

ሠ. ጸልዩ፤ ለሕሙማንም ለሐኪሞችም።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የዓይን መቢጨት ምን ያመለክታል? ምክንያቱን በሚመለከት በአካባቢያችሁ ምን ይባላል?
2. «ቢ» ቫይረስ በየትኞቹ መንገዶች ይተላለፋል? በየትኞቹስ አይተላለፍም?
3. ቫይረሱ ያለበት ሰው ሁሉ መድኃኒት የማይጀምረው ስለ ምንድን ነው? ክትትሉስ ለምን ይጠቅመዋል?
4. በቤታችሁ እህልና በርበሬ እንዴት ይቀመጣል? ምን ልታሻሽሉ ትችላላችሁ?
5. በጉባኤያችሁ ስለ ሕመሙ የተገለለ ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ልትበሉ ትሄዳላችሁ?

የተወደዳችሁ ሆይ፣ እኅታችን «የምሞተው መቼ ነው?» ብላ መጥታ ነበር። ዛሬ የምትጠይቀን «የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ ነው?» እያለች ነው። ለዚህ ለውጥ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ እናንተ ተካፋዮች ናችሁ። ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።